ጋሽ ኤልመር ያስጨበጨቡልኝ እሑድ

ወንድሜ ኃይሉ መሞቱን እያወቁ፣ ጋሽ ኤልመር አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ ፊት ከመቀመጫዬ አስነስተው አስጨበጨቡልኝ። ከሁሉ አስቀድሞ ይህ እንዲጻፍልኝ እፈልጋለሁ። ሌላው ቢረሳ ግድ የለኝም፤ ይህ ግን ተጽፎ ይቀመጥ። ሰውዬው ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ወረቀትም አላበላሽም ነበር፤ ከክፉ ሰው ምን ይጠበቃል? እሳቸው ግን ክፉ አልነበሩም። በዚህ ከተማ ውስጥ የተሰባበረ እንግሊዝኛዬን ሳይስቁ ያዳመጡኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። መኪና መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ደግ ሰው ያደረሰብኝ በደል ስለሆነ ነው ይህን ያህል ዘመን ያልለቀቀኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የልጅ ልጄ ሶስና ናት። ባለፈው ወር ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከምንገባባቸው ምግብ ቤቶች በአንዱ ተቀምጠን ምሳ ስንበላ፣ ልጅቷ እየሮጠች ገባችና የመንጃ ፈቃድ ካርዷን ዓይኔ ሥር ደቀነችው። "እማማ፣ ላይሰንሴን አገኘሁ! ሶ፣ ከእንግዲህ ቸርች የምወስድሽ እኔ ነኝ፣ ኦኬ?" መጀመሪያ የእኛ ጠረጴዛ አጨበጨበ፤ ቀጥሎ ጎረቤቶቻችን አጨበጨቡ፤ በመጨረሻ ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ብቅ ብለው እልል አሉ። እኔ ልጅቷን እንኳ ሳልስማት ብድግ ብዬ ወደ ውጭ ወጣሁ። ባለቤቴ ግርማ ከዘራውን እየጎተተ ተከተለኝና አጠገቤ ቆመ። ዕድሜ ልኩን ያወቀኝ ሰው ነው፤ ምን ሆንሽ አላለኝም።

"አሁንም?" አለኝ።

"አሁንም።"

"ሴትዮ፣ ስንት ዘመኑ! ሰውዬውም የሉ፣ አዳራሹም የለ።"

"እኔ አለሁ" አልኩት።

የቆምንበት ቦታ ያን ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር ለዛሬ ልጆች ብነግራቸው አያምኑኝም። ከኦሎምፒክ መንገድ እስከ ፒኮ መንገድ ድረስ አንድም የአማርኛ ጽሑፍ አይታይም ነበር። አሁን የቅመማ ቅመም ሱቅ ባለበት ጥግ ላይ የአይሁዶች ዳቦ ቤት ነበር፤ አርብ ከሰዓት በኋላ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ዳቦ ሲያወጡ ሽታው እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ይመጣል። ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌዎች በር ላይ ወንበር አውጥተው ሲከራከሩ ይውላሉ፤ ቋንቋቸውን ባላውቀውም ክርክሩ ስለ ቤት ኪራይ እንደነበር ይገባኝ ነበር። ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ ጫማ ጠጋኝ፣ ከጫማ ጠጋኙ ቀጥሎ ያገለገለ ልብስ የሚሸጥበት ሱቅ። ቢጫ ቀሚሴን የገዛሁት ከዚያ ነው። አንገቱ ሰፊ፣ እጅጌው ከክርኑ በታች እንደ ደወል የሚሰፋ፣ ዓይን የሚወጋ ቢጫ። በአንድ ኳርተር፣ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ አውቶቡስ ከዚህ እስከ መሃል ከተማው ዳውንታውን ያደርስ ነበር። መኪኖቹ እንደ ጀልባ ረጅም ነበሩ፤ ቤንዚን የጠፋ ጊዜ ተሰልፈው የፌርፋክስን ጥግ ዞረው ሲቆሙ፣ ወንዶቹ ከመኪናቸው ወርደው ኮፈኑ ላይ ተቀምጠው ራዲዮ ያዳምጣሉ። ጎፈሬያቸው በር የማያስገባ፣ ሱሪያቸው ከታች መሬት የሚጠርግ። አንዱ ራዲዮውን ከፍ ሲያደርግ ከኋላው ያለው ያንኑ ዘፈን ይከፍታል፤ መንገዱ በሙሉ አንድ ዘፈን ይሆናል። አሁን በዚያው መንገድ ላይ ሱቆቻችን አንድ በአንድ "የሚከራይ" የሚል ወረቀት እየለጠፉ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ተራ ከአንዱ ሕዝብ ወደ ሌላው ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

እኔ ወደዚህ የመጣሁት አዲስ አበባ ሳለሁ በቤታቸው ከሠራሁላቸው አሜሪካኖች ጋር ነው፤ ልጆቻቸውን እንድጠብቅ አመጡኝ። እነሱ ወደ ሌላ ክፍለ አገር ሲዛወሩ እኔ ቀረሁ። ትምህርቴ ከቄስ ትምህርት ቤት ብዙም አላለፈም፤ እጄ ግን መርፌ ያውቅ ነበር። ዳውንታውን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ገባሁ። አጠገቤ ካለው የስፌት መኪና ላይ የተቀመጠችው ሴት ኦፓል ትባላለች፤ የጋሽ ኤልመር ሚስት ናት። ወፍራም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ስትስቅ መርፌዋ የሚንቀጠቀጥ።

"ከየት ነሽ?" አለችኝ በመጀመሪያው ቀን።

"ከኢትዮጵያ።"

"ከእኛ አገር ከኦክላሆማ ይርቃል?"

"ይርቃል።"

"እንግዲያው ከእኔ የባሰብሽ ነሽ። እሑድ ነይና ብዪ።"

ቼሮኪዎች ነበሩ። በዚያን ዘመን የአሜሪካ መንግሥት የዚህን አገር የጥንት ሰዎች ከመንደራቸው እያነሳ፣ ከተማ ሥራ አለላችሁ እያለ፣ መሄጃ እንጂ መመለሻ የሌለው ቲኬት እየሰጠ ሎስ አንጀለስ ያወርዳቸው ነበር። ሥራ ያገኘ አገኘ፤ ያላገኘ ዳውንታውን መጠጥ ቤቶች በር ላይ ቀረ። ዋናው አለቃቸው ኦክላሆማ ነው የሚኖረው፤ እዚህ ከተማ ያሉትን የሚመሩት ግን ጋሽ ኤልመር ነበሩ። ጋሽ ያልኳቸው እኔ ነኝ፤ እዚህ የሚማሩት የእኛ አገር ልጆችም ከእኔ ሰምተው ለመዱት፣ በኋላ ኦፓልም ሲያናድዷት "ጋሼ!" ትላቸው ነበር። እሳቸው አውሮፕላን ፋብሪካ ቆርቆሮ ይሠራሉ። እሑድ እሑድ ግን ጥብጣብ የተሰፋበት ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጸጉራቸውን በቅባት ወደ ኋላ አበጥረው፣ ከፌርፋክስ ገባ ብላ የምትገኘውን ትንሽ አዳራሽ በር ራሳቸው ይከፍታሉ።

ግርማ ያኔ ኮሌጅ የሚማር፣ የእኛን ልጆች የሚያሰባስብ ቀጭን ልጅ ነበር። ኢንዲያኖች ዘንድ ምሳ ልበላ ነው ስለው፣ "የሕንዳዊው ሒሳብ መምህራችን ዘመዶች ናቸው? ቃሪያውን ቀንሱልኝ በያቸው" ብሎ አሾፈብኝ። እኔ ግን አዳራሹ ስገባ ግድግዳው ላይ ያየሁት የፊደል ገበታ ነበር። እውነቴን ነው። እንደ እኛው በመደዳ ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ ምልክት እንደ ሀ፣ እንደ ሁ፣ እንደ ሂ የሚነበብ። ፊደላቸውን የፈጠረው ከራሳቸው አንድ ሰው እንደሆነ ጋሽ ኤልመር ጣታቸውን ገበታው ላይ እያስኬዱ አስረዱኝ። እኔም ሀሁን በቃሌ ወረድኩላቸው። ጨርሼ ስቆም "በዚህ አዳራሽ ውስጥ ፊደል የምታውቅ ሴት መጣችልን" ብለው ለሁሉም ተናገሩ፤ ሰዉ ሳቀ። ኦፓል የዚያን ቀን የለበሰችው ቀሚስ ጨርቁ በመቀስ የተቆረጠ አልነበረም፤ በእጅ እየተቀደደ የተሰፋ ነው። አያቶቻቸው ከአገራቸው ተነቅለው ሲነዱ መቀስ አልያዙም ነበርና፣ ሴቶቹ እስከ ዛሬ ለክብር ቀን እንዲያ ነው የሚሰፉት አለችኝ። ስፌቱን ገልብጬ አየሁት። አንድም የተዛነፈ ጠርዝ የለውም።

የጋሽ ኤልመር ዜና የሚመጣው ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። ባቄላውና የበቆሎ ዳቦው ተበልቶ፣ በጸደይ ከሆነም ከኦክላሆማ የመጣው የዱር ሽንኩርት ከእንቁላል ጋር ተጠብሶ ካለቀ በኋላ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆማሉ። ወረቀት አይዙም። መጀመሪያ ከሩቁ ይነሳሉ፤ አገር ቤት ክሊኒክ ተከፈተ፣ ሕዝባችን አለቃውን በድምፁ መረጠ፣ የወንዝ ማዶው ትምህርት ቤት ቋንቋችንን ማስተማር ጀመረ። ከዚያ ወደ ከተማው ይመጣሉ። እገሌ ብየዳ ትምህርት ቤት ገባ። እገሊት ወንድ ልጅ ወለደች። ስሙ የተጠራው ሰው ብድግ ይላል፤ ሰዉ ያጨበጭባል፤ እሳቸው በጣታቸው ተቀመጥ እስኪሉት ድረስ ጭብጨባው አይቆምም። ደንባቸው አንድ ነበር፦ እዚያው ተገኝቶ ብድግ የማይል ሰው ስሙ አይነሳም። በሌለ ሰው አይጨበጨብም ይሉ ነበር። ሐሜትም፣ ለቅሶም፣ ውድቀትም በዚያች ሰዓት አይነገርም። ሳምንቱን ሙሉ አለቃ ሲጮህባቸው የከረሙ ሰዎች እዚያ ሲቆሙ ትከሻቸው ሲሰፋ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወራቱ ሲሄድ ግን ዜናው እየሳሳ መጣ። መጀመሪያ ምረቃና ሠርግ ይነገር የነበረው፣ በኋላ እገሌ ያው ሥራው ላይ አለ የሚል ሆነ። አንዴ አንድ ሰው ሳይጠጣ ስለከረመ ብቻ ተጨበጨበለት፤ ሰውዬው እያለቀሰ ተቀመጠ። ወንበሮቹም እየበዙ ሰዉ እያነሰ ሄደ። ብየዳ ይማር የነበረው ጂሚ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋው ልጅ፣ ሁለተኛ አልታየም። ኦፓልን ጠየቅኋት።

"ጂሚ የት ገባ?"

"ባቄላሽን ብዪ።"

"ስለ ባቄላ አልጠየቅሁሽም።"

"አስካለ፣" አለችኝ ጭልፋውን አስቀምጣ፣ "አንቺ ሰው ሁሉ ጠያቂ ያስፈልገዋል ብለሽ ታስቢያለሽ።"

አዎ፣ አስባለሁ። እስከ ዛሬ አስባለሁ።

የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ከእናት ከአባቴ የቀረኝ ኃይሉ ብቻ ነበር። ታናሼ ነው፤ እናታችን ስትሞት ጀርባዬ ላይ ነበር። አገር ቤት ነገሩ ሁሉ ተበላሽቶ ወጣት የሆነ ሁሉ የሚታደንበት ጊዜ መጣ። እዚህ ያለ አንድ ኮሌጅ ተቀብሎት ስለነበር፣ መውጫ ወረቀቱ ብቻ ነበር የቀረው። እኔም ማልኩ፦ ወንድሜ ሲመጣ በሰው መኪና ለምኜ አላስመጣውም፤ ራሴ ነድቼ ከኤርፖርት አመጣዋለሁ አልኩ። ለጋሽ ኤልመር ነገርኳቸው። የመኪናቸውን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው በእጄ አስቀመጡልኝ።

አረንጓዴ፣ ኋላው ረጅም መኪና ነበራቸው። ከዜናው በኋላ ወደ ፓልምስ ሰፈር ወርደን ሰው የሌለበት ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ላይ እለማመድ ነበር። እንግሊዝኛው አንቱ የሚል ቃል የለውም፤ እኔ ግን በሆዴ አንቱ እያልኩ ነው የማናግራቸው።

"ፍሬን!" ይሉኛል።

"ያዝኩ እኮ!"

"የያዝሽው ነዳጁን ነው።"

"ታዲያ ለምን ቆመ?"

"ስለጠፋ ነው የቆመው" ብለው ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ይስቃሉ።

እየነዳሁ ስለ ኃይሉ እነግራቸዋለሁ። በፉጨት ዘፈን እንደሚያወጣ፣ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ለቅሞ እንደሚጥል፣ ባሕር አይቶ እንደማያውቅ። ከኤርፖርት ሳመጣው በአቋራጭ ሳይሆን በባሕሩ ዳር አድርጌ ነው የምሄደው አልኳቸው። "በባሕሩ ዳር ከሆነ ዳገቱን መለማመድ አለብሽ" አሉኝና ሌላ ሰዓት ጨመሩልኝ። ደክሞኝ እንኳ አይለቁኝም ነበር። ቀጥ አድርጌ ፓርክ ማድረግ አቅቶኝ ሳለቅስ፣ ከመኪናው ወርደው ራሳቸውን እንደ ሌላ መኪና መንገዱ ጠርዝ ላይ አቁመው፣ "እኔን ሳትነኪ ግቢ" ያሉኝ ሰው ናቸው። ጫማቸውን ነካሁት እንጂ ገባሁ።

ፈተናውን ወድቄ ወድቄ አንድ አርብ አለፍኩ። እሑዱ ወር የገባበት የመጀመሪያው እሑድ ነበር። ቢጫ ቀሚሴን ለብሼ፣ ረጅም ታኮ ጫማ አድርጌ ሄድኩ። አዳራሹ ከግማሽ በላይ ባዶ ነበር። ጋሽ ኤልመር ምግብ አልቀመሱም፤ በር ላይ ቆመው የገባውን ሁሉ እጅ ሲጨብጡ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ ቆሙ። ከኦክላሆማ የመጣ ዜና አላነሱም። "ዛሬ፣" አሉ፣ "ከሁላችንም ይልቅ ከሩቅ የመጣችው እህታችን አስካለ መንጃ ፈቃዷን አግኝታለች። ብድግ በዪ።" ብድግ አልኩ። ያ ጭብጨባ! ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንዲያ ሊጨበጨብለት ይገባል። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆነው "መጀመሪያ ወዴት ነው የምትነጂው?" ብለው ጮሁ። እኔም እጄን ወደ ላይ ዘርግቼ፣ "ወንድሜን ከኤርፖርት ላመጣ!" አልኩ። ጭብጨባው እንደገና ተነሳ፤ ወለሉን በእግራቸው የመቱም ነበሩ። ጋሽ ኤልመርን ተቀመጪ እንዲሉኝ ዞሬ ስፈልጋቸው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረዋል። ተቀመጪ አላሉኝም። በራሴ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ያደረግሁትን ሁሉ ሳስበው ያመኛል። ሳቅሁ። አውቶቡስ ውስጥ ዘፈንኩ። ለኃይሉ ጃኬት ሰፋሁለት፤ ትከሻው ሰፍቶ ይሆናል ብዬ አስፍቼ። የእኛ ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ቶሎ ቶሎ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ፤ ትምህርት በዝቶባቸው ነው አልኩ። ግርማ አንድ ቀን ጃኬቱን አይቶ "ቆንጆ ነው" አለኝና ሽንት ቤት ገብቶ ቆየ።

በአንድ እሑድ ማለዳ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ ከመስኮቴ ሥር የመኪና በር ቀስ ብሎ ሲዘጋ ሰማሁ። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ ሌላ። መጋረጃውን ገለጥ አደረግሁ። የእኛ ልጆች ናቸው፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እንደ እኛ ያደገ ሰው ማለዳ በሩ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ሲያይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማን? እኔም መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከኃይሉ ሌላ ማን አለኝና። ግን እግሬ ወደ በሩ ሄደ፤ ከፈትኩ። ከሁሉም ፊት የቆሙት ጋሽ ኤልመር ነበሩ።

መርዶ በሽማግሌ ነው። በዚያን ጊዜ ግን በዚህ ከተማ ውስጥ እኛ ሽማግሌ አልነበረንም፤ ሁሉም ተማሪ፣ ሁሉም ጸጉሩ ጥቁር። ተመካክረው፣ ሽበት ያለው ሰው በር ላይ ካልቆመ ነውር ነው ብለው፣ ቼሮኪውን ሰውዬ ለምነው አመጧቸው። ጥቁር ኮት ለብሰዋል። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘው "ኃይሉ" አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። ስሙን ግን በትክክል ጠሩት፤ ለካስ ግርማ መኪና ውስጥ ሲያስጠናቸው ነበር።

ልቅሶ የተቀመጥኩት በእሳቸው አዳራሽ ነው። ፊደሉ ሥር ፍራሽ ተነጠፈልኝ። ኦፓል ስታለቅስ ከእኛ ሴቶች ባሰች። በሦስተኛው ቀን፣ እርሜን ካወጣሁ በኋላ፣ ጠያቂነቴ ተመለሰ።

"መቼ ነው የሞተው?" አልኩት ግርማን።

"ቆይቷል።"

"መቼ ነው የሰማችሁት?"

የተነጠፈውን ፍራሽ ጠርዝ ማስተካከል ያዘ።

"ግርማ፣ ጃኬቱን ስሰፋ ታውቅ ነበር?"

"አውቅ ነበር። ... እንዴት እንንገርሽ? ማንም የለሽም። ሰዉ ሁሉ ሥራ አለው፣ ከእሑድ በቀር የሚሰበሰብ የለም። ጋሽ ኤልመርን አዳራሹንም፣ ሽምግልናውንም ለምነን ሐሙስ ጨርሰን ነበር፤ ለዚያው እሑድ ማለዳ። አንቺ አርብ ፈተናሽን አለፍሽ! በሁለተኛው ቀን መርዶ? ትንሽ ደስ ይበላት አልን። ቀጥሎ ጉንፋን ያዘሽ፤ ይሻላት አልን። ቀጥሎ መኪና ያላቸው ልጆች ፈተና ሆነ..."

የእኛን ልጆች በደል አውቀዋለሁ፤ አገሬ ያሳደገችን እንዲያ ነው። ለዘመዱ ያልቆመ፣ አርባውን ያላወጣ ሰው አደረጉኝ፤ ይቅር ያልኳቸው ሲጃጁ ነው። ግርማንም በኋላ አገባሁት፤ ይቅር አልኩት ማለት ግን አልነበረም፣ በሠርጋችን ማግስትም ጠይቄዋለሁ። እኔን ያቃጠለኝ ግን "ሐሙስ" ያለው ነው። ጋሽ ኤልመር ሐሙስ ካወቁ፣ እሑድ ያስነሱኝ እያወቁ ነው። እሳቸው የእኛ ልማድ የለባቸውም። ቃል ስለገቡ መርዶውን መሸሸግ ነበረባቸው፤ እሺ፣ ይሁን። ማስጨብጨብ ግን ማንም አልለመናቸውም። ዝም ማለት ይችሉ ነበር። በአዳራሹ ሙሉ ሰው ፊት ዞርኩባቸው።

"ያን እሑድ ያውቁ ነበር?"

"አውቅ ነበር" አሉኝ። አልዋሹም።

"ታዲያ ለምን?"

ዙሪያውን የተቀመጡትን የራሳቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አዩ። ወንበራቸውን አስጠግተው አስቀምጠው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ፋብሪካ ውስጥ ከኦፓል ጋር ጎን ለጎን እየተቀመጥን ሳንነጋገር ዓመት ያህል ሰፋን። አዳራሹን ዳግም አልረገጥኩትም። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቱ ሸጠው፤ መጀመሪያ ምንጣፍ መሸጫ፣ በኋላ የመኪና ማቆሚያ ሆነ። ፊደሉን ማን እንደነቀለው አላውቅም። ከቀሩት ሰዎች ከፊሎቹ ወደ ኦክላሆማ ተመለሱ፤ ከፊሎቹ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። እነ ጋሽ ኤልመር ቫን ናይስ ወደሚባል ሰፈር ሄዱ። ኦፓል ስትሞት ቀብሯ ላይ ተገኝቻለሁ፤ በቋንቋቸው መዝሙር ዘመሩ፤ የሚያውቁት ጥቂት ስለነበሩ ድምፁ ቶሎ ቶሎ ይቆረጥ ነበር። ጋሽ ኤልመር ከሬሳው አጠገብ ቆመው ነበር። የቀብር ቀን ሰው አይጠየቅም ብዬ ተመለስኩ። ኩርፊያዬን ግን በሕይወት ሳለች አላነሳሁላትም፤ እሷም እንደተኳረፍን ሄደች።

የሄድኩባቸው በኋላ ነው። ልጆች ወልጄ፣ እነሱም ትምህርት ቤት ገብተው። በፈጣኑ መንገድ፣ በፍሪዌዩ፣ ራሴ ነድቼ ቫን ናይስ ገባሁ። ምድር ቤት፣ በስተጀርባ ያለች አንድ ክፍል። በሩን የከፈቱልኝ ከስተው ነው፤ ጥብጣብ ያለው ሸሚዝ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። በውጭ ያቆምኩትን መኪና ካዩ በኋላ "ቀጥ አድርገሽ አቆምሽው" አሉኝ። በቆርቆሮ የታሸገ የኮክ ፍሬ ከፍተው በሳህን አቀረቡልኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ስለ ሰዎቻቸው ጠየቅኋቸው፤ የሚነግሩኝ ብዙ አልነበራቸውም። ኮኩን አልነካሁትም።

"ጋሽ ኤልመር፣ ያን እሑድ ለምን አስነሱኝ?"

የመጣሁት ለዚህ እንደሆነ በሩን ሲከፍቱ አውቀውታል።

"ያን ቀን ሰው ሳይመጣ ነው አዳራሹን የከፈትኩት" አሉኝ። "ኦፓል ባቄላውን እያፈላች ነበር። ምን እንደምናገር ማሰብ ጀመርኩ። ጂሚን በዚያ ሳምንት ከድልድይ ሥር ሞቶ አንስተነዋል። የሮዝን ልጆች መንግሥት ወስዶ ለማናውቃቸው ሰዎች ሰጥቷቸዋል። ከፋብሪካዬ የእኛ ሰዎች በሙሉ ተቀንሰዋል፤ እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት፣ ያንንም አልነገርኳቸውም። ለአንዱ የማነሳለት መልካም ነገር አይጠፋም ብዬ በሩ ላይ ቆሜ እጃቸውን እየጨበጥኩ ፊታቸውን አንድ በአንድ አየሁ። ሁሉም ገብተው አለቁ። ምሳ በልተው ጨረሱና ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። እንደ ልማዳቸው ይጠብቁኛል።"

የወንድሜን ስም ደጃፌ ላይ ሲጠሩ የነበራቸው ፊት ነበር የተመለከትኩት።

"ከአንቺ በቀር ማንም አልነበረኝም" አሉኝ።